ለጡረታ ዘመን ሞቃት አገር ስንመርጥ

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሰባተኛን መንደር ጭቃ ባደረገው ቁጥር፣ የቤቱ ወለል እንደ በረዶ ሲቀዘቅዝና እናቶች ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከሰል ዙሪያ ሲሰበሰቡ አንድ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። ይኸውም ልጆች ከደረሱ፣ ጡረታም ከተከበረ በኋላ ይህን ብርድ ትቶ ወደ ሞቃት አገር ስለ መሄድ ነው። አንዷ ዘመድ ያላትበትን ሀዋሳን ታነሳለች፤ ሌላዋ ቢሾፍቱን፤ ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ በወጣትነታቸው ያዩትን የምጽዋን ባሕር ያስታውሳሉ። ቡናው በረካ ሲደርስ ወሬው ይበርዳል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

እኛ ግን ዛሬ ወሬው ከቡናው ጋር እንዲበርድ አንፈቅድም። ሠላሳና አርባ ዓመት በበርበሬ ተራና በሸራ ተራ ቆመው የነገዱ፣ በፋብሪካ ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ፣ በመሥሪያ ቤት ሰነድ ሲያመላልሱ የኖሩ እናቶች በስተርጅና ጀርባቸውን ፀሐይ እንዲመታው ቢመኙ ቅንጦት አይደለም። ቅንጦት የሚሆነው ሳያስቡበት ሲያደርጉት ነው። አንዴ ከተለቀቀ የማይመለስ ነገር ስላለ አስቀድሞ መነጋገሩ ይበጃል።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ የታወቀ ነው። የሰሜን አውሮፓ ጡረተኞች ብርዱን ሸሽተው ወደ ስፔይን የባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ አሜሪካውያን ፍሎሪዳን ይመርጣሉ። የእኛ ሰው ባሕር ሲል የሚያስበው ምጽዋንና አሰብን ነበር። ይሁንና ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ሁለቱም ከድንበር ማዶ ናቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜም ቢሆን የጡረታ ቦታዎች አልነበሩም። ምጽዋ በዓለም ላይ እጅግ ከሚሞቁ ከተሞች አንዷ ናት፤ የአስመራ ሰው ወደዚያ የሚወርደው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነበር። ወደ አሰብም ከደጋ የወረደ ሠራተኛ የሄደው ለወደቡና ለነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ነው። ባሕር ማየትና በባሕር ዳር ማርጀት ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ለእኛ የባሕር ዳርቻ የሚሆኑን ሐይቆቻችን ናቸው። በዚህ ረገድ የዚህች ከተማ አነሳስ ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውኃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ዛሬ ባልኖረች። ለሰውነት የሚስማማ ቦታ መምረጥ በአገራችን ሴቶች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

የሙቀቱ ነገር በግምት ሊሰላ ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ቢሾፍቱ 1,900 ያህል፣ ባሕር ዳር 1,800፣ ሀዋሳ 1,700፣ ዝዋይ፣ ማለት የዛሬይቱ ባቱ፣ ከ1,600 ጥቂት አለፍ ያለ፣ አርባ ምንጭና ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 እና 1,300 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ቢሾፍቱ የሄደች እናት የምታገኘው የ3 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ ጋቢውን አውልቆ ነጠላ ለመልበስ ይበቃል። ድሬዳዋ የሄደችው ግን የ7 ዲግሪ ልዩነት ይጠብቃታል። ይህ ለጉልበቷ መልካም ቢሆንም ለልቧ ላይስማማት ይችላል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሲያረጅ ጥማት የመሰማቱ ነገር ይቀንሳል። የደም ግፊት ያለባቸው ብዙዎቹ እናቶች ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። ሙቀቱ በላብ፣ መድኃኒቱ በሽንት ውኃውን ሲያወጣው ሰውነት ይደርቃል፤ ከመቀመጫ ሲነሱ ያዞራል፤ መውደቅ ይመጣል። በዚህ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ ቆላ ለመውረድ ያሰቡ እናት መጀመሪያ ሐኪማቸውን ማማከር፣ የመድኃኒቱም መጠን መስተካከል ያለበት እንደሆነ መጠየቅ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። ሀዋሳን በቅድሚያ የምናነሳት ለጡረተኛ እንግዳ ስላልሆነች ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበት ነበር። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዶቿ ሜዳ ናቸው፤ ዳገት ለማይችል ጉልበት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር መሄድ ይቻላል። አሞራ ገደል ወርዶ ትኩስ ዓሣ መግዛትም እንዲሁ። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታልም በከተማው ውስጥ አለ። በበኩሌ ከሰባተኛ ርቆ መሄድ ለቆረጠች እናት ቢጠይቁኝ ሀዋሳን ከፊት አስቀምጣለሁ።

ርቆ መሄድ ለማትችለው ግን ቢሾፍቱ ትሻላለች። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ጠዋት ቀብር ቢጠራ ደርሶ ማልቀስ፣ ማታ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ሆራ፣ ባቦጋያና ሌሎቹም የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ችግሯ ተፈላጊነቷ ነው፤ በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው መሬት በሆቴልና በመዝናኛ ስለተያዘ ለጡረተኛ የሚተርፈው ከሐይቁ ራቅ ያለው ሠፈር ነው። አዳማ ከዚያ ትሞቃለች፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በፈጣን መንገዱ መሄዱ ቀሏል፤ ሶደሬ ፍልውኃም ከአጠገቧ ነው። ነፋሷና አቧራዋ ግን አስም ላለበት ሰው አይመከርም።

ባቱ ርካሽና ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ስለ ውኃዋ ግን ወደ ኋላ የምናነሳው ነገር አለ። ላንጋኖ በቀለ ሞላ ሆቴል ከሠሩበት ዘመን ጀምሮ የታወቀ መዝናኛ ቢሆንም ለሁለት ቀን እንጂ ለዘለቄታ ለመኖር ሐኪምም ገበያም ቅርብ አይደለም። ባሕር ዳር ውበቷ አይካድም፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሏት። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ስለተስተጓጎለ በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ያለባት እናት የመንገዱን ሁኔታ ሳትጠይቅ ጓዟን አትጫን። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ መካከል ያለች የሙዝና የማንጎ አገር ናት። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ዘመድ ለሌለው ሰው አትመችም፤ ከጋሞ ወጥቶ አዲስ አበባ ለኖረ ቤተሰብ ግን ወደ አገር መግባት ነው። ድሬዳዋ ደረቅ ሙቀቷና የከዚራ ዛፎች ጥላ ብዙ ወዳጅ አፍርተውላታል። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ ተነስቶባት ብዙ ሰው ትኩሳትና ብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት እንደነበር አይዘነጋም። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ ሳይከደን በተቀመጠ በርሜልና ጀሪካን ውኃ ውስጥ የምትራባ፣ በቀን የምትናከስ ናት።

ስለ ትንኝ ካነሳን ወባን ማለፍ አንችልም። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ደገኛ ወባን አያውቃትም ይባላል፤ አባባሉ በአብዛኛው ልክ ነው። ስለዚህም ዕድሜዋን ሁሉ በሰባተኛ የኖረች እናት ወባ ሲይዛት ሰውነቷ የተለማመደው ነገር ስለሌለ ይበረታባታል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በሽታው በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች እንደገና በእጅጉ ተስፋፍቶ እንደነበር ይታወሳል። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወራት ነው። አጎበር ሳይዙ መሄድ አይገባም። ትኩሳት ከተሰማም ብርድ ነው፣ ምች ነው እያሉ ዳማ ከሴ ከማሸት ይልቅ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር የግድ ነው። በጣና፣ በዝዋይና በሀዋሳ ሐይቆች ዳር ውኃ ውስጥ መግባት ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ስለሚችል የልጅ ልጆች ለጥየቃ ሲመጡ ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ላንጋኖ ከዚህ በሽታ ነፃ ነው ስለሚባል ለመዋኘት የሚመረጠው እርሱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው የመጠጥ ውኃውን ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ማለት ከአዳማና ከወንጂ ጀምሮ እስከ ሀዋሳና ከዚያም ወዲያ ባለው ምድር፣ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። በጥቂቱ ለጥርስ ይበጃል። ሲበዛ ግን የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደድራል። በወንጂ የስኳር ልማት መንደሮች የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት ከጠጡ ሠራተኞች መካከል ጀርባቸው ደርቆ መጎንበስና መዞር ያቃታቸው እንደነበሩ በሐኪሞች የተጠና ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እንግዲህ እስቲ አስቡት፤ ለጉልበት ቁርጥማት ብሎ ብርድ የሸሸ ሰው ከውኃው ሌላ ቁርጥማት ቢጠጣ ምን ይባላል? ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ማዕድኑ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ከመያዛችሁ በፊት የቧንቧው ውኃ ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው ወይስ ከጉድጓድ? ብላችሁ የከተማውን ውኃ አገልግሎት ጠይቁ። የጎረቤት ልጆችንም ጥርስ ተመልከቱ። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም።

የገንዘቡ ነገር እንዴት ነው? የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይታሰባል፤ ከ70 በመቶ ግን አይበልጥም። ለምሳሌ 25 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ ሰው 48.75 በመቶ፣ ማለት 3,900 ብር ያገኛል። እርሱ ሲሞት ለሚስቱ የሚደርሳት የዚህ ግማሽ፣ 1,950 ብር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ወደዚህ ሥርዓት የገቡት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በጉልት የነገደችው፣ ባልትና የሸጠችው የመርካቶ እናት ግን የባሏ ካልሆነ በቀር የራሷ ጡረታ የላትም፤ ጡረታዋ ልጆቿና እቁቧ ናቸው። እንግዲህ የሚሄዱበትን ከተማ የምትመርጡት በሐይቁ ውበት ሳይሆን ለሁለት ሰው የታሰበው ገንዘብ ነገ ለአንድ ሰው በግማሽ ሲቀር የቤት ኪራይ ሊከፍል በሚችልበት ልክ ይሁን። ይህን ስሌት ባልና ሚስት ሁለቱም በሕይወት ሳሉ በአንድ ወረቀት ላይ ቢሠሩት መልካም ነው። ስለ ሞት መነጋገር የሚከብዳቸው ቤተሰቦች ብዙ እንደሆኑ እናውቃለን፤ ሆኖም ኋላ የሚከብደው ይብሳል።

ቀጥሎ ቤቱ አለ። በሰባተኛና በአካባቢው ካለው ቤት ብዙው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 መነሻነት በቀበሌ የሚተዳደር ሆኖ የኖረ ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አይሸጥም፤ ለሦስተኛ ወገን ማከራየትም ክልክል ነው። ዘግታችሁት ከሄዳችሁ አይቆያችሁም። ሀዋሳ አልስማማ ብሎ በዓመቱ ብትመለሱ የምትመለሱት ወደ ልጅ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ግን ሁኔታቸው የተለየ ነው፤ እርሱን አከራይተው በሚሄዱበት ከተማ አነስ ያለ ቤት ቢከራዩ ከጡረታው ላይ የሚደጉም ሊተርፋቸው ይችላል። በዚያም ሲከራዩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ይመዝገብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አረጋዊት እናት በየስድስት ወሩ ዕቃ ተሸክማ ቤት እንዳትቀይር ይህ ይጠቅማታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸውም ምዝገባው በሚኖሩበት ወረዳ ስለሆነ በአዲሱ ቦታ መዛወሩን መከታተል አለባቸው።

ከቤቱ ይልቅ አንጀት የሚበላው ግን እድሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለማቋረጥ የከፈሉበት፣ የሰው ድንኳን ሲተከል ሽንኩርት የከተፉበት፣ የቀባሪያቸውን ፊት አንድ በአንድ የሚያውቁበት ማኅበር ነው። አዲስ ከተማ ሲገቡ አዲሱ እድር ድንኳኑንና አግዳሚውን የገዙት ነባሮቹ ስለሆኑ የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህም ፍትሐዊ ነው። ግን ገንዘቡ ቢከፈልም ዕውቂያው አይገዛም። በዚያ ቀን የሚያለቅሰው ማነው? ይህን ጥያቄ የሚንቁ የተማሩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ሬሳ የትም ይቀበራል ይላሉ። እናት ግን እንደዚያ አታስብም፤ አስተሳሰቧም መከበር አለበት። መፍትሔ የሌለው ነገር ግን አይደለም። ለሰባተኛው እድር ወርኃዊውን በልጅ እጅ ወይም በስልክ እየከፈሉ አባልነቱን ማቆየት የሚፈቅዱ እድሮች አሉ። ሊቀ መንበሩን ፊት ለፊት አነጋግሩ፤ ከከተማ ውጭ የሞተ አባል ምን ይደረግለታል? አስከሬን ማጓጓዣውን ማን ይችላል? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በዓይናችሁ እዩት።

አሁን ደግሞ ነገሬ ከእናንተ፣ ጠዋት ለሥራ ከምትሮጡት ወጣት እናቶች ጋር ነው። ብዙ ጊዜ አያት ወደ ሞቃት አገር እንዳትሄድ የሚያግዳት ወባውም ኪራዩም አይደለም፤ እኛ ነን። ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት የምታመጣልን፣ ምሳ የምታሞቅልን፣ ሠራተኛዋ ስትሄድ ቤቱን የምትይዝልን እርሷ ናት። «እማዬ፣ እዚያ ማን ያይሻል? ብቻሽን ትሆኛለሽ» ስንላት ከልባችን ነው፤ ግን ከዚያ ሥር «እኛስ ምን እንሆናለን?» የሚል ሌላ ነገር አለ። ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ስልሳ አምስት ዓመቷ ሆኖ ሦስት ሕፃናት የምትጠብቅ እናት ጡረታ ወጥታለች ማለት አይቻልም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ቀይራለች እንጂ። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ በበቂ ቢኖር ኖሮ የአያት ጉልበት ይህን ያህል ባልተፈለገ ነበር። ሆኖም ማቆያው እስኪመጣ የእርሷ ጉልበት አይጠብቅም። እርሷም በበኩሏ ከልጅ ልጆቿ ተለይታ አንድ ወር መቆየት የማትችል መሆኗን ሄዳ ስታየው ልታውቀው ትችላለች። ይህ የእርሷ ምርጫ እንጂ የእኛ ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ የምንመክረው ሙከራን ነው። ቤቱን ሳይለቁ፣ እድሩን ሳያቋርጡ፣ ዘመድ ዘንድ ወይም በአነስተኛ ፔንሲዮን ሁለት ጊዜ ሄዶ መቆየት። አንዱ ጉዞ በመጋቢት ይሁን፤ ሙቀቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሌላው በጥቅምት፤ የትንኙ ነገር የሚታየው በዚያ ወር ነው። በገና ወይም በፋሲካ ሰሞን የሄደ ሰው ከተማውን አላየም፤ ያየው በዓሉን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ከመዋል ይልቅ ገበያ ወጥተው ጤፍና ሽንኩርት ይግዙ፣ የጤና ጣቢያውን ሰልፍ ይቁሙ፣ በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ወደ መስጊዱ ይሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ማን ቡና እንደሚጠራቸው ይመልከቱ። ሲሄዱ የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት፣ አጎበሩን በሻንጣ፣ የእድሩን ሊቀ መንበር ስልክ በቦርሳ ይያዙ። የሰባተኛውን ቤት ቁልፍ ደግሞ ለታመነ ጎረቤት ሰጥተው፣ መቼ እንደሚመለሱ ቀኑን ቆርጠው ይንገሯቸው።